ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ልትሸጡ ነው? ዋጋ ከመጥራታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

«እኔ የራሴ ቤት የለኝ፣ ምን አገባኝ» የምትሉ ትኖራላችሁ። ግን አስቡት። ወላጅ ሲያርፍ፣ እህትና ወንድም ለመካፈል ሲወስኑ፣ ቤተሰቡ ኮንዶሚኒየሙን ሸጦ ሌላ ሰፈር ለመግባት ሲያስብ ወረዳና ክፍለ ከተማ የሚመላለሰው ማነው? ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ላይ የሚለጥፈው፣ ከደላላ ጋር በስልክ የሚጨቃጨቀው ማነው? አብዛኛውን ጊዜ የቤቱ ወጣት ነው። ቤት መሸጥ ደግሞ በዕድሜ አንዴ ወይም ሁለቴ የሚገጥም ነገር ስለሆነ ቤተሰቡ ውስጥ ልምድ ያለው ሰው አይገኝም። ልምድ ያለው ደላላው ነው።

ይህ ጽሑፍ አዲስ አበባን መሠረት ያደረገ ነው፤ ክልሎች የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ፣ ክፍያና አሠራር አላቸው። ዋናው መልዕክት አንድ ነው። ቤት ሲሸጥ ሰው የሚጎዳው ዋጋ ላይ ብቻ ሳይሆን ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ወረቀት ከቀብድ በፊት፣ የሚገባበት ቤት ከፊርማ በፊት፣ ገንዘብ ከስም ዝውውር በፊት። ይህ ከተዛባ ጥሩ ዋጋ ያገኘ ሰውም ፍርድ ቤት ሊመላለስ ይችላል።

1. የምትሸጡት ምንድን ነው?

መሬቱን አይደለም። የከተማ መሬት በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ከሆነ ወዲህ መሬት አይሸጥም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም አንቀጽ 40 ላይ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነና እንደማይሸጥ እንደማይለወጥ ደንግጓል። የምትሸጡት በመሬቱ ላይ ያለውን ቤት ነው፤ የመጠቀም መብቱ ቤቱን ተከትሎ ይሄዳል።

ስለዚህ መጀመሪያ ይዞታችሁ የቱ እንደሆነ ለዩ።

• ነባር ይዞታ፦ ሊዝ ከመምጣቱ በፊት የተያዘ ነው። በ2004 ዓ.ም. በወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 መሠረት ነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ ውጭ በሆነ መንገድ ሲተላለፍ አዲሱ ባለቤት መሬቱን የሚይዘው በሊዝ ነው። ጠንቃቃ ገዢ ይህን አስልቶ ነው ዋጋ የሚጠራው። ሲነሳባችሁ አትደናገጡ።

• የሊዝ ይዞታ፦ ያልተከፈለ ቀሪ የሊዝ ክፍያ ሊኖር ይችላል። ቀሪው ስንት እንደሆነና ማን እንደሚከፍለው ከዋጋ ድርድሩ በፊት ይታወቅ። ቤቱ ተጀምሮ ያላለቀ ከሆነ ደግሞ አዋጁ የተለየ አካሄድና የትርፍ ገደብ ስላለው ቀድማችሁ ጠይቁ።

• ኮንዶሚኒየም፦ በመንግሥት ፕሮግራም የተገኘ ቤት ለ5 ዓመት በሽያጭ እንዳይተላለፍ ገደብ አለበት። ዓመቱ ከመቼ እንደሚቆጠር ከውላችሁ ላይ አረጋግጡ። የባንክ ብድሩ ካልተዘጋም ስም ማዛወር አይታሰብም።

• የቀበሌ ቤት፦ የመንግሥት ነው። 40 ዓመት ብትኖሩበትም የምትሸጡት የላችሁም።

• ካርታ የሌለው ቤት፦ «የጨረቃ ቤት» የሚባለው ማለት ነው። በሰፈር ሽማግሌ ፊት ተፈራርመው የሚሸጡት አሉ፤ ነገር ግን ስሙ የሚዛወርበት ካርታ የለም። ሻጩም ገዢው ነገ ተመልሶ «ገንዘቤን» ሲል የሚከላከልበት ወረቀት አይኖረውም።

2. ሻጩ ማነው?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል፣ ብዙ ሽያጭ የሚፈርሰው ግን እዚህ ላይ ነው።

ባለትዳር ከሆነ፦ ካርታው በአንዱ ስም መሆኑ ብቻ በቂ አይደለም። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። የጋራ የሆነን ቤት ለመሸጥ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ያልተስማማው ወገን ሽያጩን ባወቀ በ6 ወር ውስጥ፣ ቢዘገይ ደግሞ ውሉ በተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ ፍርድ ቤት ሄዶ ማስፈረስ ይችላል። ያላገባ፣ የፈታ ወይም የትዳር ጓደኛው የሞተበት ሰውም ይህንኑ የሚያሳይ ማስረጃ ይጠየቃል።

የውርስ ቤት ከሆነ፦ ሟቹ በካርታው ላይ እያለ ሽያጭ የለም። መጀመሪያ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ይወጣል፣ ከዚያ ካርታው ወደ ወራሾቹ ስም ይዞራል፣ ከዚያ ይሸጣል። ከአምስት ልጆች አራቱ ተስማምተው አንዱ እምቢ ካለ አራቱ ሙሉ ቤቱን መሸጥ አይችሉም። ከወራሾቹ መካከል 18 ዓመት ያልሞላው ካለ የእሱን ድርሻ ለመሸጥ የፍርድ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል። «ገዢ ከተገኘ በኋላ እንስማማለን» የሚለው አካሄድ ቀብድ የተቀበለውን ልጅ ብቻውን ዕዳ ውስጥ የሚከት ነው። ከመለጠፋችሁ በፊት ተሰብስባችሁ ማን ምን ያህል እንደሚያገኝ፣ ዝቅተኛው ዋጋ ስንት እንደሆነ፣ ማን እንደሚደራደር በጽሑፍ አስቀምጡ።

ከወራሾቹ አንዱ ውጭ አገር ከሆነ፦ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለችው እህታችሁ ካለችበት አገር የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ውክልና ትልካለች። ውክልናው እዚህ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል ተረጋግጦ ይመዘገባል። ልብ በሉ፤ «ንብረቴን እንዲያስተዳድርልኝ» የሚል ጠቅላላ ውክልና ቤት አያሸጥም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ይጠይቃል። ስለዚህ «እንዲሸጥ፣ ውል እንዲፈርም፣ ገንዘብ እንዲቀበል» የሚለው በግልጽ ይጻፍ። አንድ ቃል ጎድሎ ውክልናው እንደገና እስኪላክ ድረስ ገዢው ሊሄድ ይችላል።

3. ወረቀቱን ከገዢ በፊት እናንተ አጥሩት

ማስታወቂያ ከማውጣታችሁ በፊት እነዚህን በአንድ ፋይል ሰብስቡ፦

• የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ኦሪጅናል፤ ካለ ፕላንና የግንባታ ፈቃድ
• የባለቤቶቹ የታደሰ መታወቂያና ፋይዳ
• የጋብቻ ወይም ያላገባ ማስረጃ
• ያለፉት ዓመታት የቤትና የቦታ ግብር ደረሰኝ፣ ሊዝ ከሆነ የሊዝ ደረሰኝ
• ብድር ከነበረ ከባንኩ የዕዳ ማጠናቀቂያ
• የውሃና የመብራት የመጨረሻ ደረሰኝ

ከዚያ ክፍለ ከተማ ሄዳችሁ ይዞታው ላይ ዕዳ ወይም እገዳ እንዳለ ጠይቁ። አንዳንዱ ሰው አባቱ ከዓመታት በፊት ለዘመድ ብድር ቤቱን ዋስ እንዳደረጉት የሚያውቀው በዚህ ቀን ነው። ካርታው ላይ ያለው ስፋት መሬት ላይ ካለው ጋር ይገጥም እንደሆነም አረጋግጡ። ካርታው 150 ካሬ እያለ አጥሩ 175 ካሬ ከያዘ 25ቱን ካሬ እንደ ራሳችሁ ቆጥራችሁ ዋጋ አትጥሩበት። በኋላ የተጨመረው ሰርቪስ ፈቃድ ከሌለውም ገዢው በልኬቱ ቀን ማወቁ አይቀርም፤ ቀድማችሁ ንገሩት።

የስም ስህተትም ቀላል አይደለም። ካርታው ላይ «ወልደ ማርያም»፣ መታወቂያው ላይ «ወ/ማርያም» ቢል ተመለሱ ልትባሉ ትችላላችሁ። ማስተካከያው ጊዜ ስለሚፈጅ ቀብድ ተቀብላችሁ ቀን እየቆጠረባችሁ አትጀምሩት።

4. ዋጋውን ከየት ታመጣላችሁ?

ቴሌግራም ላይ የምታዩት ዋጋ የተጠየቀው እንጂ የተሸጠበት አይደለም። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ይልቅ በሰፈራችሁ በቅርቡ የሸጠ ሰው ፈልጋችሁ በእውነት ስንት እንደተቀበለ ጠይቁ። ቢያንስ ሦስት የማይተዋወቁ ደላሎችን «ብገዛ ስንት አገኛለሁ?» ብላችሁ እንደ ገዢ፣ ሌሎች ሦስቱን ደግሞ እንደ ሻጭ ጠይቋቸው። ትክክለኛው ዋጋ ሁለቱ መልሶች መሃል አካባቢ ነው።

ከዚያ ዋናው ጥያቄ ይመጣል፦ ከሸጣችሁ በኋላ የት ትኖራላችሁ? የውርስ ቤት ሲሸጥ ልጆቹ ድርሻቸውን ያሰላሉ፤ እናት የት እንደምትገባ ግን ለመጨረሻ ይቀራል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዶላር በአጭር ጊዜ ውስጥ ምን ያህል እንደጨመረ ሁላችንም አይተናል። ባንክ የተቀመጠ ብር ባለበት ይቆያል፣ ልትገዙት ያሰባችሁት ቤት ግን አይጠብቃችሁም። ስለዚህ ቀብድ ከመቀበላችሁ በፊት የምትገቡበትን ቤት በዓይናችሁ እዩ፣ ዋጋውን እወቁ፣ ከሽያጩ የሚተርፈው እንደሚበቃ አስሉ። ካልበቃ አለመሸጥም አንድ አማራጭ ነው።

5. ደላላ

ደላላ መጥፎ ሰው አይደለም፤ ገዢ ያመጣል፣ ሥራው ነው። በልማድ ከሻጭም ከገዢም 2 በመቶ አካባቢ ይጠይቃል፣ ግን ድርድር ነው። ስትነጋገሩ ሦስት ነገር አጥሩ። ስንት በመቶ? ከማን? መቼ ነው የሚከፈለው? መልሱ «ሽያጩ ተመዝግቦ ገንዘቡ እጅ ሲገባ» መሆን አለበት እንጂ «ቀብድ ሲከፈል» አይደለም።

«አንተ በዚህ ዋጋ ልቀቅ፣ ከዚህ በላይ ያመጣሁት የኔ ነው» የሚል ደላላ ካጋጠማችሁ ቆም በሉ። እናንተ 5 ሚሊዮን የተቀበላችሁበትን ቤት ገዢው 6 ሚሊዮን ከፍሎበት ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከገዢው ጋር ፊት ለፊት ተገናኙ።

የካርታውን ኦሪጅናል ለማንም አትስጡ። ኮፒ ስትሰጡም ላዩ ላይ «ለማሳያ ብቻ» ብላችሁ ቀን ጻፉበት። የካርታውን ፎቶ ግሩፕ ላይ መልቀቅ ደግሞ የተጭበረበረ ሰነድ ለሚሠራ ሰው ናሙና መስጠት ነው።

6. ቀብድ ቀልድ አይደለም

ብዙ ሰው ቀብድን «ለማሰሪያ ትንሽ ብር» አድርጎ ያየዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን አንቀጽ 1883 ላይ ቀብድ መስጠት ውል መደረጉን እንደሚያስረዳ ይናገራል። አንቀጽ 1885 ደግሞ ተዋዋዮቹ ሌላ ስምምነት ካላደረጉ በቀር ቀብድ የሰጠው ሰው ከተወው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ሰው ከተወው ግን እጥፉን ይመልሳል ይላል። 300,000 ብር ተቀብላችሁ በማግሥቱ የተሻለ ገዢ ቢመጣና ብታፈርሱ 600,000 ትመልሳላችሁ ማለት ነው።

ስለዚህ ቀብድ የምትቀበሉት ወራሽ ሁሉ ከተስማማ፣ ወረቀቱ ከጠራና መግቢያችሁ ከታወቀ በኋላ ብቻ ነው። የቀብዱ ወረቀት ላይ ጠቅላላ ዋጋው፣ የቀብዱ መጠን፣ ቀሪው የሚከፈልበት የመጨረሻ ቀን፣ ግብርና ክፍያ ማን እንደሚችልና ውሉ የሚመዘገብበት ቀን ይጻፍ። ገዢው በባንክ ብድር የሚገዛ ከሆነ ቀኑን ሰፋ አድርጉት፤ ባንኩ ቤቱን በራሱ ባለሙያ ያስገምታል፣ ግምቱም ከተስማማችሁበት ዋጋ ሊያንስ ይችላል። ልዩነቱን ገዢው ከኪሱ መሙላት መቻሉን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

7. ውሉ የት ይፈረማል?

የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ መሆን አለበት። አንቀጽ 1723 ደግሞ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። አዲስ አበባ ላይ ይህ ማለት ሕዝቡ «ውልና ማስረጃ» የሚለው የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ መሥሪያ ቤት ነው። መንደር ውስጥ ሦስት ምስክር ይዞ የተፈረመ ወረቀት ያመጣው ክርክር ሰበር ችሎት ድረስ ደጋግሞ የደረሰ ጉዳይ ነው። እናንተ ለችሎት መማሪያ አትሁኑ።

ውል ላይ የሚደረጉ ሁለት አደገኛ ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ዋጋ ዝቅ አድርጎ መጻፍ። «ግብር እንዳይበዛ 2 ሚሊዮን እንበለው፣ ቀሪው በእጅ» ይባላል። ሕገ ወጥ ከመሆኑም በላይ ቀሪውን ገዢው ካልከፈላችሁ በእጃችሁ ያለው ማስረጃ የሚለው 2 ሚሊዮን ነው። ከዚህም ሌላ መሥሪያ ቤቱ የራሱን ግምት ይዞ ስለሚያሰላ ያሰባችሁት «ቁጠባ» ላይገኝ ይችላል።

ሁለተኛ፣ በውክልና መሸጥ። በተለይ 5 ዓመት ያልሞላው ኮንዶሚኒየም ላይ ይታያል። ገዢው ገንዘቡን ከፍሎ፣ ቁልፉን ወስዶ፣ «ዓመቱ ሲሞላ እናዛውራለን» ተብሎ ውክልና ይሰጠዋል። በዚህ መሃል ቤቱም ብድሩም በእናንተ ስም ነው። ገዢው የባንኩን ወርሃዊ ክፍያ ካቋረጠ ባንኩ የሚፈልገው እናንተን ነው። ወካዩ ከሞተ ደግሞ ውክልናው በመርህ ደረጃ ያበቃል፤ ከዚያ ወራሽና ገዢ ይፋጠጣሉ።

8. ገንዘቡ እጅ የሚገባው መቼ ነው?

ሰነዱ ላይ «ሙሉ ክፍያውን ተቀብያለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር ይኖራል። ያንን የምትፈርሙት በእርግጥ ስትቀበሉ ብቻ ነው። «ነገ አስገባለሁ» በቂ አይደለም።

ጥሬ ገንዘብ አትቀበሉ። የተለመደው መንገድ ሲፒኦ ነው፤ ባንኩ በእናንተ ስም የሚያዘጋጀው የክፍያ ሰነድ። ግን ሲፒኦም ይጭበረበራል። ከመፈረማችሁ በፊት ያወጣው ባንክ ቅርንጫፍ ራሳችሁ ሄዳችሁ አረጋግጡ፤ ገዢው በሰጣችሁ ስልክ ቁጥር ደውላችሁ አይደለም። የዝውውር መልዕክት ስክሪንሾትም ማስረጃ አይደለም፤ ሂሳባችሁን ከፍታችሁ እዩ። ገዢው «ስሙ ሳይዛወር ሙሉውን አልከፍልም» ካለ ፍርሃቱ ምክንያት አለው፤ ቀሪው ገንዘብ ስሙ ሲዛወር ብቻ የሚለቀቅበት ዝግ ሂሳብ ስለመክፈት ባንካችሁን ጠይቁ። ሁለታችሁም ትጠበቃላችሁ።

ወራሾች ከሆናችሁ ገንዘቡ ለእያንዳንዳችሁ በየስማችሁ በተለየ ሲፒኦ ቢወጣ ይሻላል። «ለታላቃችን ይግባና እንካፈላለን» ስንቱን ወንድማማች አራርቋል።

9. ግብርና ክፍያዎች

• ከቤት ሽያጭ ጥቅም የሚከፈል ግብር፦ በ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 መሠረት ከትርፉ ላይ 15 በመቶ ነው፤ ከጠቅላላ ዋጋው አይደለም። ለምሳሌ በ1,200,000 ብር ገዝታችሁ፣ በደረሰኝ የተረጋገጠ 300,000 ብር ማሻሻያ አውጥታችሁ በ4,000,000 ብትሸጡ፣ ትርፉ 2,500,000 ነው፤ ግብሩ 375,000 ብር ይመጣል። የቆርቆሮና የሲሚንቶ ደረሰኝ የማይጣለው ለዚህ ነው።

• ከሽያጩ በፊት 2 ዓመት ሙሉ በሙሉ ለመኖሪያነት ብቻ ያገለገለ ቤት ከዚህ ግብር ነፃ የሚሆንበት ሁኔታ አለ። «ሙሉ በሙሉ» የሚለውን ቃል አስተውሉ፤ ፊት ለፊቱ ሱቅ የተከራየ ከሆነ ጥያቄ ሊነሳ ይችላል። የገቢ ግብር አዋጁ በ2017 ዓ.ም. ስለተሻሻለ በምትሸጡበት ቀን የሚሠራውን ስሌት ከገቢዎች ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ጠይቁ።

• የቴምብር ቀረጥ፦ በ1990ው አዋጅ ቁጥር 110 መሠረት የባለቤትነት ስም ሲመዘገብ ከዋጋው 2 በመቶ ነው። ከሱ በተጨማሪ ሰዉ «አሹራ» የሚለው የስም ማዛወሪያ ክፍያ አለ። ሁለቱንም በልማድ ገዢው ይከፍላል፣ ግን ውሉ ላይ ካልተጻፈ ጭቅጭቅ ነው።

ድርድር ላይ «ስንት ነው?» ስትባሉ እጃችሁ ላይ የሚቀረውን አስሉ፤ ዋጋ ሲቀነስ ግብር፣ ሲቀነስ የደላላ፣ ሲቀነስ ያልተከፈለ ዕዳ።

10. ርክክብ

ቁልፍ የሚሰጠው ክፍያው ከተጠናቀቀ በኋላ ነው። በርክክቡ ቀን የውሃና የመብራት ቆጣሪ ንባብ ፎቶ አንሱ፣ አንድ ገጽ የርክክብ ወረቀት ተፈራረሙ፣ ቆጣሪዎቹ ስማቸው እንዲዛወር አድርጉ። ቤቱ ውስጥ ተከራይ ካለ አትደብቁት። በ2016ቱ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል በትንሹ ለ2 ዓመት ስለሚደረግ ገዢው ውሉን አይቶ መግዛት አለበት፤ ተከራዩም በሰዓቱ ሊነገረው ይገባል። ጉዳዩ ቤት የሚያጣ ሰው ጉዳይም ነው።

የውሉን፣ የሲፒኦውንና የግብር ደረሰኙን ኮፒ አስቀምጡ። ስሙ ወደ ገዢው መዞሩንም በመጨረሻ ክፍለ ከተማ ሄዳችሁ በዓይናችሁ አረጋግጡ፤ ካልዞረ የሚቀጥለው ዓመት የቤት ግብር የሚጠየቀው በእናንተ ስም ነው።

ጠበቃ ውድ ነው ብላችሁ ከሆነ፣ ውል ለማየት ብቻ የሚጠይቀውን ክፍያ ከቀብዱ እጥፍ ጋር አነጻጽሩት። ቤት ለመሸጥ እያሰበ ያለ ዘመድ ካላችሁ ደግሞ ቀብድ ሳይቀበል ይህን ላኩለት።